አማቴና ከኋላ የምትከፈተው መኪና

መኪና ልገዛ ነው ብዬ ያወራሁ ሰሞን ወልድያ ውስጥ ምክር ያልሰጠኝ ቢኖር አፉን ያልፈታ ሕፃን ብቻ ነው። ጊዜው የደርግ ነበር፤ የቤት መኪና ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል፣ ስለ መኪና የሚያውቀው ግን ከተማው ሙሉ ነው። እኔ አንዲት የሸቀጥ ሱቅ ነበረችኝ፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨውና ፋኖስ የምሸጥባት። ዕቃ ከደሴ ለማምጣት የሰው መኪና መለመን አንገሽግሾኝ ነበር። የሹፌር ኩርፊያ መቻል፣ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» መባል፣ መናኸሪያ ለመናኸሪያ መንከራተት! በቃኝ አልኩ።

ሁለት መኪና ቀረበልኝ። አንዱ ዕድሜው ከእኔ የማያንስ ጂፕ ነው። ሁለተኛዋ ሲሪንቃ ይሠራ የነበረ የውጭ አገር የእርሻ ባለሙያ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል የሚሸጣት ትንሽዬ ቢጫ መኪና ናት። ከጎን ሁለት በር ብቻ አላት፤ ሦስተኛው በሯ ከኋላ ነው፣ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ የሚነሣ። ጋራዥ ያለውን ጓደኛዬን ይዤ ሄድኩ። ጂፑን ሦስት ጊዜ ዞረው፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ይሄ መኪና ነው» አለ። ቢጫዋን ጎንበስ ብሎ እንኳ አላያትም።

«ይህቺስ?» አልኩት።

«ይህቺማ ስታድግ መኪና ትሆናለች።»

ለሰው ሁሉ የነገርኩት ምክንያት ነዳጅ ነው። ያኔ ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ ጂፑ የወሩን ድርሻ በሳምንት ጨልጦት ቀሪውን ሦስት ሳምንት ደጄ ላይ ሊተኛ ነው። ይህም እውነት ነው። ዋናውን እውነት ግን ዛሬ ላውጣው፦ ፈረንጁ ያንን የኋላ በር አንሥቶ ወንበሩን ሲያጥፈው፣ ውስጧ ሜዳ ሲሆን፣ ልቤ ሸፈተ። እኔ ደግሞ አንዴ ልቤ ከወደደ ምክር አይገባኝም። ሚስቴንም ያገባሁት እንዲሁ ነው።

ቢጫዋን ይዤ ወልድያ የገባሁ ዕለት «ጫጩት» የሚል ስም ወጣላት። ከዚያን ቀን ወዲህ በገበያው መሐል ባለፍኩ ቁጥር «ጭልፊት መጣ! ጫጩቷን ሰብስባት!» ይሉኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፋል። እኔ አላልፍም፤ መኪናዋን አቁሜ እወርዳለሁ፣ እሟገታለሁ። ስንት ቀን ሙግት ላይ ቆሜ ሱቄ ሳይከፈት ረፍዷል መሰላችሁ!

ያ የወደድኩት በርም ጉዱን አመጣ። ክዳኑን ደግፎ የሚይዘው ብረት ሦስት ወር ሳይሞላው ለቀቀ። ጓደኛዬ መለዋወጫ የለም ብሎ፣ ጎጆ የሚደገፍበትን ዓይነት ባላ ከግራር ቆርጦ ሰጠኝ፤ በሩ ሲከፈት በባላ ይደገፋል። ደግሞም ሰፊ በር ካለ ጎረቤት ዝም አይልም። የሰው ጤፍ ጫንኩ፣ የሰው አልጋ ጫንኩ፣ ንብ ያለበት ቀፎ ሁሉ ጫንኩ። ለፋሲካ የጫንኩት የጎረቤት ሙክት ከሐራ ወልድያ እስክንደርስ የወንበሩን ጥግ በልቶ ጨረሰው። «ምን ላድርግ፣ ጾም ላይ ነው እንዴ?» አለኝ ባለቤቱ። ደሜ ፈላ፤ ሆኖም በዓል ነውና ቻልኩት።

ይህ ሁሉ ግን ቀላል ነው። ከባዱ አማቴ ናቸው።

አማቴ የሚኖሩት መርሳ ነበር። በእኛ አገር አማትና አማች እንደሚፈራሩ የታወቀ ነው። አማት አማቻቸው ፊት እህል አይቀምሱም፤ ድንገት ቢገጥማቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይጥላሉ። የሌላው ሰው አማት ግን ዓመት ሁለት ዓመት ሲሆን ትንሽ ላላ ይላሉ። የእኔዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ የለም! ቤታቸው ስሄድ ጓዳ ይገባሉ። ከጓዳ ሆነው ለሚስቴ «ደኅና ነው ወይ በይው» ይላሉ። እኔም ለሚስቴ «ደኅና ነኝ በያቸው» እላለሁ። መካከላችን ያለው አንድ መጋረጃ ነው፤ እንሰማማለን። ሚስቴ ግን የሁለታችንንም ቃል ሳታጓድል ትደግማለች። በዘጠኝ ዓመት የእሳቸውን ፊት አላየሁም፣ እሳቸውም የእኔን አላዩም።

በኋላ ደግሞ ሁለቱንም ዐይናቸውን ሞራ ጋረደው። ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ምንም አልቀራቸውም። በዚያው ዓመት፣ ከስንት ስለትና ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ፣ ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ወለደች። ሴት ልጅ ስትወልድ እናቷ መጥታ ታርሳታለች፤ ገንፎዋን ታገነፋለች፣ ሕፃኑን ታጥባለች። የእኔዋ አማት ግን «ዐይን የሌላት አራሽ ሕፃን ትጥላለች» ብለው ቀሩ። «የልጄን ልጅ ሳላያት ልሞት ነው» እያሉ እንደሚያለቅሱ የመርሳ ሰው ነገረን። ሚስቴም በአራስ ቤቷ አብራ ስታለቅስ ከረመች። የአራስ እንባ ደግሞ እንዴት ያስፈራል! ቤቴ መግባት ጠላሁ።

እንዲህ እያለን፣ አንድ ቅዳሜ፣ የዐይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ወልድያ ሆስፒታል መጥተው ሞራ እየገፈፉ ነው የሚል ወሬ ሰማን። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ከርመዋል፤ ሊሄዱ ነው። ምዝገባው የሚያበቃው እሑድ ነው፣ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ አንድዬ ያውቃል። እሑድ ደግሞ አውቶቡሶቹ በሙሉ ለሰልፍ ታዘዋል። የቤት መኪና እሑድ የሚነዳው በታርጋ ተራ ነው፤ አንዱን እሑድ ሙሉ ቁጥር፣ አንዱን ጎዶሎ። ያ እሑድ የእኔ ተራ አልነበረም።

«ኬላ ላይ ከያዙህ መኪናዋን ትሰናበታታለህ» አለኝ ጓደኛዬ። መኪናዋ ከሄደች ሱቁም ሄደ። ሚስቴን አየኋት። ሕፃኗን ታቅፋ አየችኝ፣ አበቃ።

ጎሕ ሲቀድ፣ ጠባቂዎቹ ኬላው ላይ ሳይቆሙ፣ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። መርሳ ስደርስ አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ድምፄን ሲሰሙ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ሚስቴ ስለሌለች ጎረቤታቸው የሆነች ሴት ቃል አቀባይ ሆነች። ነገሩን አስረዳሁ። አማቴ ከነጠላው ሥር ሆነው በደስታ እንባቸውን ጠረጉ፤ ሐኪሞቹን መረቁ፣ መኪናዋንም መረቁ። ከዚያ «የት ነው የምቀመጠው በይው» አሉ።

«ከፊት፣ ከአጠገቤ።»

«እግዚኦ! ከአማቼ ጎን? እንደ ሙሽራ?»

«እንግዲያው ከኋላ ይቀመጡ።»

«ማጅራቱ ላይ እየተነፈስኩ ወልድያ ልግባ? ምን በወጣኝ!»

«ኧረ እማማ፣ ዐይንዎ እንደሁ አያይ!» አለች ጎረቤቲቱ።

«የሱ ያያላ!»

ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ምዝገባው ሊያልቅ ነው፣ እሳቸው ወግ ይጠብቃሉ። እኔ ነገር አልችልም ብያችኋለሁ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። የኋላውን በር ብድግ አደረግኩና በባላ ደገፍኩት፤ ባዶውን ጆንያ አሽቀንጥሬ ጣልኩ፣ የጎረቤቲቱን አጎዛ ከደጇ አንሥቼ አነጠፍኩበት። «በያቸው! ይኸው፣ ጀርባና ለጀርባ! ፊታቸው ወደ መርሳ፣ ፊቴ ወደ ወልድያ! ከዚህ ወዲያ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። አማት ፊት ስጮህ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው፤ ወዲያው አፈርኩ።

አማቴ በእጃቸው አጎዛውን ዳበሱ፣ ክዳኑን ዳበሱ።

«ይሄስ ደኅና ነው በይው» አሉና ወጥተው ቁጭ አሉ።

ክዳኑን በገመድ ከባላው ጋር አጠበቅኩት። እሳቸው ባላውን በአንድ እጃቸው ጨበጡ፣ በሌላው ጥላቸውን ዘረጉ፤ ጉዞ ጀመርን። ከፊት እኔ ብቻዬን፣ መሐል ባዶ ወንበር፣ ከኋላ ወደ ኋላ የሚያዩ አሮጊት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ «ደኅና ዋሉ፣ እማማ!» ይላል፤ እሳቸውም በድምፅ እየለዩ እስከነቤተሰቡ ደኅንነት ይጠይቃሉ። የሚያውቁት ሰው ድምፅ በራቀ ቁጥር ይጮኻሉ።

ብዙም ሳንሄድ ጉድጓድ ገባሁ። አሁን ቃል አቀባይ የለንም። ክዳኑን በመዳፋቸው ጠበጠቡት።

«አንቺ መኪና! ጉድጓዱን ስታዪው ዝለይው እንጂ ምን ልታደርጊ ትገቢበታለሽ?»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። እኔም መሪውን ጠበጠብኩ። «አንቺ መኪና፣ ባላውን አጥብቀው ይያዙ በያቸው። መንገዱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም በያቸው።»

እንዲህ በመኪናዋ በኩል እየተጨቃጨቅን ሲሪንቃን አለፍን። ዳገቱ ሲጀምር እርጋታ መጣ። አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«አንቺ መኪና» አሉ፣ «ሕፃኗ ማንን ነው የምትመስል?»

«እናቷ አያቷን ትመስላለች ትላለች በያቸው» አልኩ። «እኔማ የአያቷን መልክ አላውቅም።»

ከዚያ ከጥላው ሥር ሳቅ ሰማሁ። ዘጠኝ ዓመት አማች ሆኜ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

ወልድያ መግቢያ ኬላው ላይ ገመዱ ተወጥሯል። ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ ታርጋዬን ሩቅ ሆኖ ለየው። «ውረድ ጓድ! ዛሬ ተራህ ነው?» አለ። ወረድኩ። ዞሮ ወደ ኋላ ሄደና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ? ወንበሩን ባዶ ይዘህ እናት እንደ ሙክት ትጭናለህ? ይሄ የለየለት የፊውዳል ጭቆና ነው!» ወረቀትና እርሳስ ከኪሱ አወጣ። መኪናዋንም ሱቁንም በልቤ ተሰናበትኩ፤ ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ሆስፒታሉ ከዚያ ሆኖ መታየቱ ነው። «እናቴ፣ ይንገሩኝ፣ አስገድዶዎት ነው?» አላቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ምን ቆርጦት!» አሉ አማቴ ነጠላቸውን እየሳቡ። «አማቼ ነው።»

የጠባቂው እርሳስ ቆመ። ባዶውን ወንበር አየ፣ ነጠላውን አየ፣ እኔን አየ። ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የእኔዪቱም እንደዚሁ ናቸው። ባለፈው መንገድ ላይ ቢያዩኝ እሾህ ውስጥ ገቡ፤ ለማውጣት ሦስት ሰው ፈጀ።» ገመዱን ራሱ ዝቅ አደረገው። «እለፍ። እኔ ምንም አላየሁም። ብቻ ሰው እንዳያይህ በጓሮ በጓሮ ሂድ» አለኝ፤ ቢጫ መኪና፣ የተከፈተ ክዳን፣ የተዘረጋ ጥላ!

አማቴ ከሰልፉ የመጨረሻዋ ሆነው ተመዘገቡ። በማግሥቱ ሐኪሞቹ አንደኛውን ዐይናቸውን ሠሩላቸውና በፋሻ አሸጉት።

ፋሻው የሚፈታ ቀን ሚስቴ ገና አራስ ናት፤ ከዘመድ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሳልገባ ልቅር አልኩ፣ ነርሷ ግን ሰው ያስፈልጋል ብላ ጎትታ አስገባችኝ። ምን ላድርግ? ጥግ ሄጄ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆምኩ። ፋሻው ሲተረተር ይሰማኛል። ሐኪሙ ወፍራም መነጽር አደረገላቸው። ሱቅም መኪናም ከአሳቤ ጠፍተው፣ «አምላኬ፣ ለእኚህ ሴት ዐይናቸውን ስጥልኝ» እያልኩ ነበር።

«ምን ይታይዎታል፣ እናቴ?» አለ ሐኪሙ።

ዝምታቸው ረዘመ። አልተሳካም አልኩ በሆዴ፣ እንባዬም መጣ።

«አንተ ነጭ ለብሰሃል» አሉ ቀስ ብለው። «መላጣ ነህ፣ እግዜር ይስጥህ። መስኮቱ ተሰንጥቋል። እዚያ ጥግ ደግሞ አንድ ሰው ግድግዳ እያየ ቆሟል፤ ኮሌታው አልቋል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።»

«ያውቁታል?»

«አይቼው አላውቅም። አማቼ ነው።»

እንባዬን መደበቅ አቃተኝ። ነርሷ ሳቀች፣ ሐኪሙም ሳቀ። አማቴ ግን አልሳቁም።

«ዙር፣ ልጄ» አሉኝ። ለእኔ፣ በቀጥታ፣ የመጀመሪያው ቃላቸው ነው።

ዞርኩ። በዚያ ወፍራም መነጽር ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ አዩኝ፤ እንደገና ወደ ፊቴ ተመልሰው አዩኝ፣ ምንም ሳይቸኩሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ይበቃል» አሉ ከነጠላው ሥር። «አየሁህ።»