ነጋዴዋ ኮከብና የጋሽ አያሌው ሳል

የሩዝ ገለፈት ሲጨስ የሚሸተው ሽታ ከሌላ ጭስ ጋር አይምታታም፤ ትንሽ ያረረ ዳቦ፣ ትንሽ እርጥብ አቧራ ይሸትና ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ቶሎ አልወጣም ይላል። ዛሬም ወረታ ውስጥ በሩዝ መፈልፈያዎቹ ጀርባ ሳልፍ፣ አንዱ የገለፈት ክምር ላይ እሳት ለቆበት ከሆነ፣ እግሬ ወደ ሱቄ እየሄደ ጆሮዬ ግን ወደኋላ ቀርቶ ሳል ይጠብቃል። የሚጠብቀው የጋሽ አያሌውን ሳል ነው።

ጋሽ አያሌው የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። ቁሐር ሚካኤል ላይ ሲያርሱ ኖረው፣ መሬቱን ለልጆቻቸው አካፍለው ከተማ የገቡ ሰው ናቸው። አባቴ ሰይድ ደግሞ ገበያው ዳር ጨርቅና ጨው የሚሸጥ ባለሱቅ ነበር። በሁለቱ ቤቶች መካከል የባሕር ዛፍ አጥር ነበረ፤ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ግማሹን ነቅሎ ይዞት ስለሚሄድ፣ አንድ ዓመት ሁለቱም ማጠሩ ሰልችቷቸው ተዉትና ጓሮው አንድ ሆነ። የእነሱ ዶሮ የእኛን ጎመን ትበላ ነበር፣ የእኛ ፍየል የእነሱን ዱባ ትበላ ነበር፣ ሒሳቡ በዚያው ይዘጋል።

በጋ ሲገባ፣ ፀሐይ ወደ ጣና ስትወርድ፣ እናቴ በተቀደደ ባልዲ ገለፈት ታጨስ ነበር። ከሩዙ ማሳ የሚነሣው ትንኝ ሌላ ነገር አይፈራም። አባቴ ሱቁን ዘግቶ፣ የጨርቅ መለኪያ ሜትሩን ብብቱ ሥር እንደያዘ ይመጣና ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፤ ጋሽ አያሌው በርጩማቸውን ይዘው ከወዲያ ይመጣሉ፤ እኔም ሁለቱ መካከል ምንጣፍ ላይ ተንጋልዬ ሰማዩን አያለሁ። ያን ጊዜ መብራት በፈረቃ ስለነበር፣ ባልበራ ቀን ኮከቡ ከጣራችን የሚጀምር ይመስል ነበር።

የምንጠብቀው አንዲት ኮከብ ነበረች። ሌሎቹ በየቦታቸው ተተክለው ሲያድሩ፣ እሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጣና በኩል ብቅ ትልና፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ሳትቸኩልም ሳትዘገይም ወደ ጉና ተራራ ታልፋለች። አባቴ በራዲዮ ሰምቶ ኮከብ እንዳልሆነች፣ ፈረንጅ ሰው ጭኖ የላካት መንኮራኩር እንደሆነች ያውቅ ነበር፤ ቢሆንም ስሟን ነጋዴዋ ብሎ አወጣላት። አንዳንድ ቀን መሀል ሰማይ ላይ ስትደርስ ድንገት ትጠፋለች። ለምን እንደምትጠፋ ብጠይቀው፣ ቀረጥ ላለመክፈል ነው፣ ኬላ አይታ ጭነቷን ደበቀች ብሎኝ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ጉና አናት ላይ ኬላ አለ ብዬ አምን ነበር።

ጨዋታው ይህ ነበር፦ ነጋዴዋን ቀድሞ ያየ ያሸንፋል፤ የተሸነፈ በማግስቱ የሽምብራ ቆሎ ያመጣል። ሥጋችን ለየብቻ ቢሆንም ቆሎው የጋራ ነበር። ወደ ኮከብ ጣት መቀሰር ኪንታሮት ያወጣል ብላ እናቴ ስለምትቆጣ፣ አባቴ የሚጠቁመው በሜትሩ ነበር፤ ጋሽ አያሌው ደግሞ በአገጫቸው። አንድ በጋ ላይ ግን አባቴ ያለማቋረጥ ያሸንፍ ጀመር። ጋሽ አያሌው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ «ይኸ ገለፈት ሊገድለኝ ነው» ይላሉ፣ ያኔ አባቴ ሜትሩን ወደ ጣና ያነሣና «ያቻት» ይላል። እውነትም አለች። ጋሽ አያሌው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ዐይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል ይላሉ፣ በማግስቱ ቆሎው ይመጣል። እኔ የአባቴን ዐይን የሚያህል ዐይን ፎገራ ውስጥ የለም እል ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ሩዝ ታጭዶ ሜዳው ሲራቆት፣ ሰማዩ ሌላ ጠባይ ያመጣል፤ ኮከብ ይወረውራል። ከእራት በኋላ ምንጣፍ ላይ ጋለል እንዳልኩ፣ አንዱ በወዲያ ጥርግ ብሎ ሳይጨርስ ሌላው በወዲህ ይሰነጥቃል። ጋሽ አያሌው ኮከብ ሲወድቅ ሰው ሞተ ማለት ነው ይሉ ነበር። አባቴ ደግሞ፣ አይደለም፣ ሰይጣን ሰማይ ላይ ወጥቶ ወሬ ሊሰርቅ ሲል የሚወረወርበት እሳት ነው ይላል። አንድ ምሽት ብዙ ሲወድቅ፣ አባቴ ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ምሽት ከሞተማ ነገ ገበያ የለም ብሎ ሲያሾፍባቸው፣ ጋሽ አያሌው ይህን ሁሉ ሰይጣን ፎገራ ላይ ምን አመጣው ብለው መለሱለት። አባቴም «የሩዝ ደላሎቹን ቁጠራቸው» አለ። እናቴ ቤት ውስጥ ሆና ስትስቅ ተሰማን።

ያን ምሽት ነው አንድ ነገር ያየሁት። የሚወረወር ኮከብ ለሳል ጊዜ አይሰጥም፤ ጋሽ አያሌው ጉሮሯቸውን እስኪጠርጉ እሱ ጠፍቷል። አንድ ትልቅ ኮከብ በጉና በኩል ብርሃን ነዝቶ ወረደ፣ ጥላችንን እስኪያሳየን ድረስ፤ እኔና ጋሽ አያሌው እኩል «ኧረ» አልን፤ አባቴ ሜትሩን አንሥቶ «አየሁት» አለ። ሜትሩ ያመለከተው ወደ ጣና ነበር። ጋሽ አያሌው አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ፤ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው፣ ዝም በይ ማለት ነው። ዝም አልኩ።

ክረምቱ ገባ፤ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኛ፣ ሰማይ የሚባል ነገር ጠፋ፣ ነጋዴዋም ከደመናው በላይ ለራሷ ስትመላለስ ከረመች። እኔ ግን ሱቅ ውስጥ አባቴን ማየት ጀመርኩ። ጨርቁን በመዳፉ ዳሶ የትኛው እንደሆነ ያውቅ ነበር፣ ግን ቡናማና ጥቁር ሲጠየቅ፣ ሌላ ሥራ እንዳለበት ሰው እኔን ጠርቶ አውርጂ ይለኛል። እናቴ ሞራ ነው፣ ባሕር ዳር ሄደህ ታከም ስትለው፣ ዐይኔን ለምላጭ አልሰጥም ብሎ ነገሩን ይዘጋው ነበር። ምላጩን ብቻ አይደለም የፈራው። የጨርቅ ነጋዴ ዐይኑ እንደደከመ ከተወራ፣ ክንዱ ልክ ነው ብሎ የሚያምነው ማን አለ? ከዚያ የከፋ ደግሞ ነበር፤ አባቴ የሰፈሩ ጨረቃ አይቶ መስካሪ ነበር።

ይህን ላላደገበት ሰው ልንገር። የረመዳን ጾም ሲያልቅ የዒዱ ቀን በራዲዮ ይነገራል፤ የእኛ ሰፈር ሰው ግን ራዲዮውን ሰምቶም፣ ሰይድ አየ ወይ ሳይል ልቡ አይረጋም ነበር። በጎልማሳነቱ ማንም ሳያያት፣ ከጣና ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነችውን ጨረቃ ለይቶ ያሳየ ሰው ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ እሱ አየሁ ሳይል የሚተቃቀፍ አልነበረም።

ያ ዓመት ጾሙ ያለቀው ጥቅምት ላይ ነበር። ደመናው ተጠራርጎ ሄዷል፣ ሜዳው ላይ ሩዙ እየበሰለ ነው። ወንዶቹ ከከተማው ዳር ባለው ግጦሽ ላይ ተሰበሰቡ፣ እኔም የአባቴን እጅ ይዤ ሄድኩ፤ ዛሬ ሳስበው እጄን ይዞ የሄደው እሱ ነበር። ጋሽ አያሌው እንደየዓመቱ ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተዋል፤ ለምን መጡ ቢባሉ፣ የእናንተን ጨረቃ ባይ የእኔ ዐይን ምን ይጎድልበታል የሚሉት ነገር ነበራቸው። ፀሐይ ጠለቀች። ቆየት ብሎ ጎረምሶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ፣ እኔም አየኋት፤ የተቆረጠ ጥፍር ታክላለች። ያዩት ሁሉ አየሁ ሳይሉ ወደ አባቴ ዞሩ።

ጋሽ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አባቴ ሜትሩን አላነሣም። ጋሽ አያሌው አልሰማኝም ይሆናል ብለው ደገሙት፣ አሁንስ ጠንከር አድርገው።

«አያሌው» አለ አባቴ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «እዚህ እኮ ጭስ የለም።»

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። «እኔ አላየሁም። ዐይኔ ከድቶኛል፤ ከዓመት በላይ ሆነው። ያየ ሰው ይመስክር።»

ሰዉ ሁሉ እግሩን እያየ ቆመ። በመጨረሻ ጀማል የሚባል፣ ገበያ ውስጥ ጆንያ የሚሸከም ጎረምሳ፣ እንደ ጥፋተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አይቻለሁ አለ። አባቴ ድምፁን ተከትሎ ሄዶ መጀመሪያ እሱን አቀፈው፣ ያኔ ሌላው ተተቃቀፈ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሁለቱ ሽማግሌዎች እኔን መሀል አድርገው ሄዱ። ጋሽ አያሌው ተናደዋል።

«አንድ ቀን እንኳ ብትዋሽ ምን ነበረበት፣ ሰይድ? ጨረቃዋ እንደሆነች አለች።»

«አለች» አለ አባቴ። «እኔ ግን አላየኋትም።»

«ነጋዴዋንስ መቼ አየሃት?»

«እሷ የቆሎ ነገር ናት» አለ አባቴ። «ለቆሎ ሲሆን እዋሻለሁ፤ አንተም ታግዘኛለህ።»

የፈራው ነገር እሱ እንዳሰበው አልሆነም። አንዳንድ ገበያተኛ ዐይኑ አያይም ሲባል ሰምቶ ክርክር ሊጀምር መጥቶ፣ ጣቱ ግን በደንብ እንደሚያይ ደርሶበት ሄደ። ሌላው ደግሞ፣ ሰፈር ሙሉ ቆሞ ሲጠብቀው አላየሁም ያለ ሰው ክንድ አይሰርቅም ብሎ ከሌላ ሱቅ ወደ እኛ ዞረ። አባቴ ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ቀድሜ እታወር ነበር ይል ጀመር። ከምላጩ የሚደብቀው ነገር ስላልቀረው፣ እናቴም አሸነፈች፤ ታኅሣሥ ሳይገባ ጋሽ አያሌው ይዘውት ባሕር ዳር ሄደው አንዱን ዐይን አስገፍፈው መለሱት። ጓሮው ውስጥ ሻሹ የተነሣለት ዕለት መጀመሪያ ያየው እናቴን ነበር፣ ቀጥሎ ፍየሏን፤ ሁለቱም እንዲህ አርጅተዋል ማለቱን እናቴ እስከ ዛሬ ታነሣበታለች። ያን ምሽት ነጋዴዋ ስትወጣ አባቴ ቀደመ፣ ጋሽ አያሌው ግን ልማድ ሆኖባቸው ከእሱ በኋላ ሳሉ።

አባቴ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ሜትሩ እኔ ዘንድ ነው፤ ጨርቁን ትቼ ሩዝ ስለምነግድ ከግድግዳ ላይ አይወርድም፣ ከአንድ ምክንያት በቀር። ሰማዩም ገበያው ደርቷል። ያኔ አንዲት ነጋዴ በምታልፍበት ሰማይ ላይ፣ አሁን አንዳንድ ምሽት ብዙ መንኮራኩሮች እንደ ዶቃ ተሰክተው፣ ተከታትለው፣ አንዱ የሌላውን ጭራ ይዞ ያልፋሉ። የወንድሜ ልጅ ስልኩን አይቶ በስንት ሰዓት ከየት በኩል እንደሚመጡ ይነግረኛል፤ ከነገረኝ በኋላ ቀና ብሎ አያይም፣ መምጣታቸውን ስላወቀ። የመፈልፈያው አምፖል ሌሊቱን ስለሚበራ ትንንሾቹ ኮከቦች ጠፍተዋል። አጥር ግን አላጠርንም።

ጋሽ አያሌው አሁን ሸምግለው፣ በርጩማቸውን የምሸከመው እኔ ነኝ። ዐይናቸው ሞራ ቢሆን ኖሮ ባሕር ዳር ወስጄ አስገፍፍላቸው ነበር፤ ሐኪሙ አይቶ ሞራ አይደለም፣ የማይመለስ ነው አለን። እሳቸው ግን አሁንም ሲመሽ ሰማይ ለማየት ይወጣሉ፣ ሜትሩንም አውርጂልኝ ይላሉ፤ አገጫቸው ስለሚንቀጠቀጥ በእሱ መጠቆም ትተዋል። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ተቀምጠን፣ አንዲት ብቻዋን የምትሄድ፣ እንደ ድሮዋ ያለች፣ ከጣና በኩል ብቅ አለች። ነፋሱ ወደ ወዲያ ስለሆነ የገለፈቱ ጭስ ወደ እኛ አልመጣም ነበር።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ጋሽ አያሌው ሜትሩን ወደ ጣና አነሡና «ያቻት» አሉ። ቀደሙኝ አልኳቸው። በማግስቱ ቆሎ ጥርሳቸው ስለማይችለው የሽምብራ ንፍሮ ወሰድኩላቸው፤ አንድ አፍ ጎረሱና፣ ያባትሽ ግን ጨው ይበዛው ነበር አሉኝ።