አልለቅ ያለው ፍሪሲዮን

ኡምኩልሱም ከሳውዲ የተመለሰች ሰሞን፣ ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው መንደሯ በሙሉ ሐሳብ አዋጥቶላት ነበር። አንዱ «ሱቅ ክፈቺ» ይላታል፤ ሌላዋ «ከተማ ገብተሽ ምግብ ቤት ያዢ» ትላታለች፤ ባጃጅ ግዢ ያላትም አልጠፋ። እሷ ግን ጣኢፍ ከተማ ውስጥ፣ በሰው ማድ ቤት፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ብዙ ዓመት ኖራለችና ከእንግዲህ ቀኔን ከጣራ ሥር አላሳልፍም ብላ ለራሷ ምላ ነበር። አባቷ ሞተዋል። ታናሽ ወንድሟ ሱፍያን በተራው ባሕር ተሻግሯል። መሬቱ በእኩል አራሽ እጅ ገብቶ፣ እናቷ ራሕማ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ኡምኩልሱም ደሴ ወረደችና ከኋላው እየተከተሉ የሚያርሱበትን፣ ባለ ሁለት ጎማውን ዎኪንግ ትራክተር በአይሱዙ አስጭና መጣች።

አገር ጉድ አለ። በዚያ አገር ሴት ትኮተኩታለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። ነገሩ ሽማግሌዎች ፊት ሳይቀር ተነሣ። «ሴት ያረሰችው መሬት በረከት ይነሣል» ያለም ነበር። ጎረቤቷ አያ አሻግሬ ግን፣ በአካባቢው የታወቁ ገበሬ ናቸው፣ ትራክተሩን ዙሪያውን ዞረው አዩት፤ በዘንጋቸው ጎማውን መታ መታ አደረጉት።

«ሞፈር የለው፣ ቀንበር የለው፣ እርፍ የለው» አሉ። «ታዲያ ልጅቱ በየትኛው ነው የምትከለከለው? ተዋት፣ ትረስ።»

ክርክሩ በዚያው አበቃ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ቆሞ ተመለከተ፤ ኋላ ደግሞ «ለእኔሳ መቼ ትደርሺልኛለሽ?» ማለት ጀመረ። ኡምኩልሱምም በሱሪዋ ላይ ቀሚሷን ጣል አድርጋ፣ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ከትራክተሯ ኋላ ኋላ ስትል የመንደሩ ዓይን ለመዳት።

ዘንድሮ ግን ትራክተሩ ሥራ ፈትቶ ከረመ። የእናቷን የራሕማን ዓይን ሞራ ጋርዶት፣ ሰው የሚለዩት በድምፅ ብቻ ሆኖ ነበር። ልጃቸው የምታርስበትን መኪና እንኳ ዱግ ዱግታውን እንጂ መልኩን አያውቁትም። ኡምኩልሱም ደሴ ወስዳ አሳከመቻቸው። ቀዶ ሕክምናው፣ ክትትሉ፣ ዘመድ ቤት ማገገሙ በጋውን ጨርሶ በልጉንም በላው። በዚህ መሐል የበልጉ ዝናብ ሲጥል አያ አሻግሬ ማንም ሳይለምናቸው በሬዎቻቸውን ጠምደው የነራሕማን ማሳ ገልብጠው ጠበቁ።

እናትና ልጅ በሰኔ መግቢያ ሲመለሱ የሰሙት የመጀመሪያ ወሬ ግን ደስ የማይል ነበር። ከአያ አሻግሬ በሬዎች አንደኛው፣ ቦራ የሚሉት፣ ገደል ገብቶ ሞቷል። አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። ጓደኛ ሳይገኝለት ዝናቡ ደረሰ፤ የጤፉ መሬት አንድ ጊዜ እንደታረሰ ቀረ።

አያ አሻግሬ መጠየቅ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። የመጡት ሚስታቸው እትዬ ይርገዱ ነበሩ፤ በአጥሩ ቀዳዳ አንገታቸውን ብቅ አድርገው።

«ሰውዬው ከማሳው ዳር ቆሞ ይውላል ልጄ። እንደ ለቀስተኛ» አሉ።

«አብሽሩ እትዬ» አለች ኡምኩልሱም። «ለእኛ ማን አረሰልን? ነገ ጧት ከእናንተ ማሳ ላይ ነኝ፣ ኢንሻ አላህ።»

በነጋታው ጧት የትራክተሩን መጠለያ ስትከፍት የጣራው ቆርቆሮ በአንድ በኩል ተገንጥሎ አገኘችው። ዝናቡ በዚያ ሲገባ ከርሟል። ዘይቱን አየች፣ ናፍጣ ሞላች፣ «ቢስሚላህ» ብላ ማስነሻ ብረቱን በኃይል አሽከረከረችው። ሞተሩ ጥቂት አንገራግሮ ጭሱን ቦለል አደረገና ዱግ ዱግ ዱግ አለ። ፊቷ በራ። የፍሪሲዮኑን እጀታ ወደ ራሷ ስባ ማርሽ ልታስገባ ስትል ግን ከውስጥ ጥርስ የሚያስነክስ የብረት ጩኸት ወጣ። ደግማ ሳበች። ያው ነው። ሦስተኛ ስትሞክር ድምፁ ባሰ፤ ሞተሩን አጠፋችው።

ፍሪሲዮን ማለት የሞተሩን ጉልበት ከጎማው የሚያለያየው ነው። እጀታው ሲሳብ ሁለቱ ይላቀቃሉ፤ ያኔ ማርሹ ሳይጮህ ይገባል። አሁን እጀታው ይሳባል እንጂ የሚላቀቅ ነገር የለም።

መካነ ሰላም ላለው መካኒክ ለይሄነው ደወለችለት። እሱ ደግሞ ከላላ ወደሚባለው ከተማ ወርዶ የወፍጮ ሞተር እየጠገነ ነው።

«ዝናብ አግኝቶታል?» አላት።

«ጣራው ተገንጥሎ ነው ያገኘሁት።»

«እንግዲያው ዝጎ ነው። ውስጥ ያሉት ዲስኮች ተጣብቀዋል። ሁለት መላ አለ። አንደኛው ቶሎ ነው፣ ግን ያስደነግጣል። ሁለተኛው ትዕግሥት ይፈልጋል።»

«ቶሎውን ንገረኝ።»

ይሄነው ሳቀ። «ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሽ አስገቢ። የፍሪሲዮኑን እጀታ እንደተሳበ በገመድ እሰሪው። ጎማዎቹን ከመሬት አንሥተሽ ሞተሩን አስነሺ፣ ከዚያ ቀስ አድርገሽ አውርጂው። መሬቱ ጎማውን ሲይዘው በድንጋጤው ሊላቀቅ ይችላል። ከፊቱ ማንም እንዳይቆም! ካልለቀቀ ወዲያው ጋዙን...»

ኔትወርኩ ተቋረጠ።

አያ አሻግሬና እትዬ ይርገዱ በአጥሩ በር መጥተው ነበር። ይሄነው ያላትን ነገረቻቸው። አያ አሻግሬ ግንድ አመጡ፤ ከሥሩ አስገብተው፣ ተጋግዘው፣ የትራክተሩን ጎማዎች ከመሬት አነሡ። ሞተሩ ተነሣ፤ ጎማዎቹ አየር ላይ መሽከርከር ጀመሩ። እትዬ ይርገዱ አማተቡ። ኡምኩልሱም ሁለቱን እጀታዎች ጨብጣ «ልቀቁት አያ!» አለች።

ግንዱ ተስቦ ሲወጣ ጎማው መሬት ነካ፤ ትራክተሩም እንደ ወይፈን ዘለለ። ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም። ጋዙን መቀነስ የሚባለው ነገር ከራሷ ላይ በኖ ጠፋ። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጀታዎቹን አለመልቀቅ። ትራክተሩ ቁልቁለቱን ይዞ የእሾህ አጥሩን በረገደ፣ የእትዬ ይርገዱን ጎመን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ አለፈ፣ እሷም ከኋላው እየተንሳፈፈች «ያ ረሕማን! ያ ረሕማን!» እያለች ተከተለችው። በመጨረሻ የአያ አሻግሬ የጭድ ክምር ውስጥ እስከ ሞተሩ ድረስ ገብቶ ቀጥ አለ። ያኔ ጋዙ ትዝ አላትና ቀነሰችው። ሞተሩ ጠፋ።

ኡምኩልሱም ከጭዱ ውስጥ ጭንቅላቷን አወጣች። አያ አሻግሬ ዘንጋቸውን ጥለው እየሮጡ ነው። ከላይ፣ ከቤቱ ደጃፍ ደግሞ ራሕማ በአዲሱ ዓይናቸው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ያያሉ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ጮክ ብለው። «እንዲህ ነው እንዴ የምታርሺው?»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ይርገዱ ናቸው። ጎመናቸውን አንድ ጊዜ አዩና ሆዳቸውን ይዘው መሬት ተቀመጡ። አያ አሻግሬ ሳቃቸውን ሊውጡ ሞከሩ፣ አልቻሉም። ኡምኩልሱም ጭዱን ከሻርፗ እያራገፈች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «አፉ በሉኝ እትዬ፣ ጎመንዎን ፈጀሁት» ስትል፣ «ተይው፣ መንቀሉ ታክቶኝ ነበር» አሏት።

ከዚህ በኋላ ትራክተሩን ከጭዱ አውጥተው ወደ ትዕግሥቱ መንገድ ገቡ። ኡምኩልሱም ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥታ ይሄነውን አዳምጣ ተመለሰች። ቺንጊያዎቹን፣ የጎማ ቀበቶዎቹን፣ ፈታች፤ ክዳኑን የያዙትን ቡሎኖች አንድ በአንድ አወጣች። እትዬ ይርገዱ ሰፌድ አምጥተው ነበርና ቡሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው ተራ ደረደሯቸው፤ ዶሮዎቹን «እሽ!» እያሉ ጠበቋቸው። ራሕማ ወርደው ከአጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ብረት ሲወጣ «ይሄ ምንድን ነው? ያኛውስ?» ይላሉ። ማየት እንደ አዲስ ነገር ሆኖላቸዋል።

ክዳኑ ተነሣ። ዲስኮቹ ቡናማ ዝገት ለብሰው አንድ ቂጣ መስለዋል።

«ናፍጣ አፍስሽበት፣ ይለሰልሳል» አሉ አያ አሻግሬ።

«ይሄነው በብርቱ ከልክሎኛል አያ። ዘይትም ናፍጣም ከነካው ኋላ ይንሸራተታል፤ መያዝ ይሳነዋል ብሎኛል።»

«በደረቁ ነው እንግዲህ?»

«በደረቁ።»

ስስ ቢላዋ በዲስኮቹ መጋጠሚያ አስገብታ፣ በእንጨት ቁራጭ ቀስ እያለች መታ መታ ታደርጋለች። ጥቂት ታዞራለች፣ ደግሞ መታ። እጇ ይህን ሥራ ያውቀዋል። ጣኢፍ እያለች እመቤቲቱ ሩዝ ያሳረሩበትን ትልቅ ድስት፣ ልባሱ እንዳይጫር እየተጠነቀቀች፣ ቀኑን ሙሉ ስትፈገፍግ ትውል ነበር። ያኔ ድስቱ የሷ አይደለም፣ ሩዙም የሷ አይደለም። አሁን ግን ሳታውቀው ታንጎራጉራለች። አያ አሻግሬ ዲስኩን በሁለት እጃቸው አቅፈው ይዘውላታል፤ እንዳይናወጥ ትንፋሻቸውን ሳይቀር ውጠዋል።

ፀሐይዋ ከራስ ላይ ዘንበል ስትል፣ አንድ ቦታ መታ ስታደርገው ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁለቱም እርስ በርስ ተያዩ። ቢላዋውን ገፋ ስታደርገው የመጀመሪያው ዲስክ ተላቀቀ፤ የተቀሩትም ተከትለው ወጡ።

«ማርያምን!» አሉ አያ አሻግሬ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ኡምኩልሱም።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሸችው። ብናኙን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ፣ ሁሉንም ከሰፌዱ ላይ በተራው እያነሣች መለሰች። ቺንጊያዎቹን አጠለቀች፣ ሞተሩን አስነሣች፣ እጀታውን ሳበች፤ ማርሹ ቅቤ ላይ እንደተቀመጠ ሰተት ብሎ ገባ። እጀታውን ለቀቅ ስታደርግ ትራክተሩ ሄደ፤ ስትስብ ቆመ። ሄደ፤ ቆመ። ሳያስፈልግ ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ አደረገችው፤ ደስ ብሏት ነው።

ከዚያ ማሳ ወረዱ። አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ ለስልሷል፤ ማረሻው ሲገባበት ጥቁሩ መሬት እየተገለበጠ ይተኛል። አያ አሻግሬ መጀመሪያ ከዳር ቆመው አዩ። ቀጥለው ከኋላዋ ተከተሉ። ኋላ ግን አላስቻላቸውም።

«እስቲ እኔም ልያዘው» አሉ።

እጃቸውን የት እንደሚያኖሩ አሳየቻቸውና ከጎናቸው ሆነች። ጥቂት እንደሄዱ ትራክተሩ ጠጠር አግኝቶ ሲያመነታ፣ ሽማግሌው የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ቀደማቸው። «ሳብ! ሳብ በል ቦራ!» ብለው ጮኹ።

አያ አሻግሬ ጥቂት እርምጃ ሄደው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ በሬ ነበረ» አሉ። «ይሄም መጥፎ አይደለም። ብቻ ጅራፍ አይሰማም።»

ራሕማ ከማሳው ዳር ተቀምጠው፣ ልጃቸው ወዲያ ስትሄድ በዓይናቸው ሸኟት፣ ስትመለስ ተቀበሏት። «አባቷ እንዲህ ነበር የሚራመድ» አሉ ለእትዬ ይርገዱ። «ትከሻዋን ወደ አንድ ወገን ጣል አድርጋ። ወላሂ፣ እሱን ነው የምትመስል።»

ዝናቡ ሥራቸው ሲያልቅ ጠብ ጠብ አለ። እነአያ አሻግሬ ቤት ተጠለሉ። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ የቀረበው የባቄላ ንፍሮ ነው፤ ንፍሮ ደግሞ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ሳህን የሚዘግነው ነገር ነው። አያ አሻግሬ ስለ ጤፉ ዘር ያወራሉ፤ ጥቁሩን ወይስ ነጩን ልዝራ እያሉ። ሁሉም ርቦት ንፍሮውን ይዘግናል።

በማግስቱ ይሄነው ከላላ ሰንብቶ ሲመለስ በዚያ በኩል አለፈ። እጀታውን ሳብ ለቀቅ አድርጎ አየው፤ አንዲት ዳዶ አጠበቀና «ይኼው ነው፣ ሌላ የለውም» አለ። የጭዱን ክምርና የጎመኑን መደዳ ሲያይ ግን ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ እትዬ ይርገዱም ገና ከጅምሩ አንሥተው፣ ኡምኩልሱም ስትንሳፈፍ በእጃቸው ጭምር እያሳዩ ነገሩት። ኡምኩልሱም ጉልበቷን እያሸች ከነሱ እኩል ሳቀች።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ የአጎቷ ልጅ ሠርግ ነበር። ኡምኩልሱም እጇን በሳሙናም በአመድም አሸችው፤ ጥፍሯ ሥር የገባው የብረት ጥቁር ግን አልወጣ አለ። ሴቶቹ ከበዋት እንሶስላውን እየለበጡላት «ይሄስ በየት አገር እንሶስላ ይሸፈናል?» ብለው አሾፉባት።

«እንዲሁ ተዉት» አለች እጇን ዘርግታ። «እኔ እንዲህ ነው የሚያምርብኝ።»