ግድግዳውን ያለፈው እንግዳ

እንግዳ ስወድ የኖርኩ ሴት ነኝ። ገሱባ ሳድግ በደጃችን ያለፈ ሁሉ ገብቶ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር በዳጣ ይበላል፤ ከየት መጣህ የሚባለው ከጠገበ በኋላ ነው። ታዲያ እንግዳ የሚለውን ቃል ኮምፒውተር ያስጠላኛል ብዬ መች አሰብኩ!

ልጄ ሶዶ መናኸሪያው አጠገብ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ትሠራ ነበር። ከአረካም ከበዴሳም ሰው ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ፍላሹ ደግሞ ቫይረሱን። ሲሰለቻት አንድ ባለሙያ ጠራች። ቀልደኛ ልጅ ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ከፈተላት። ዕቃ አይደለም፣ እስክሪኑ ላይ ብቻ የሚታይ ነው፤ ግን ራሱን የቻለ ይመስላል።

«እማማ፣ ይሄ የእንግዳ ክፍል ነው» አለኝ። «የሰው ፍላሽ እዚህ ብቻ ይከፈታል። ቫይረስ ቢገባ እዚሁ ይጨፍራል እንጂ ወደ ዋናው አያልፍም።»

«ግድግዳው ጭቃ ነው ብሎኬት?»

«ብረት ነው እማማ!»

ሳቅን። እኔም አመንኩት።

ዋናው ኮምፒውተር ውስጥ የታላቅ እህቴ ድምፅ ነበር። ልጄ ገሱባ ወርዳ በሞባይል የቀዳችው ነው፤ እናታችን እንዴት እንደተዳረች ስታወራ፣ መሃል ላይ ስታስል፣ «ይቺ ታናሼ ድሮም እግሯ ቤት አያውቅም» እያለች ስታማኝ። ሞባይሉ ሲሞላ ልጄ ወደ ኮምፒውተሩ አዛውራ ከሞባይሉ አጠፋችው። እህቴ በዚያው ክረምት ሞተች። ከዚያ ወዲያ ከገበያ ስመለስ ጎራ እያልኩ «እስቲ ክፈቺልኝ» እላለሁ። መታማቴን ለመስማት!

አንድ ቀን ስገባ ልጄ ራሷን ይዛ ተቀምጣለች። በእንግዳው ክፍል ከከፈተችው ፍላሽ የወጣ ቫይረስ ግድግዳውን አልፎ ዋናውን ሙልጭ አድርጎታል። እህቴም የለችም።

ባለሙያው ከአንድ ለአምስት ስብሰባው ወጥቶ ኮምፒውተሩን ሲነካካ ቆየና ቤታችን ድረስ መጣ። በሩ ላይ እንደቆመ፣ «የጠፋው አልመለስ አለኝ» አለ። «የእንግዳው ክፍል ሶፍትዌር ቀዳዳ ነበረው። የታወቀ ቀዳዳ ነው።»

«ለማን የታወቀ?» አለች ልጄ።

«ሠሪዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል፣ መድፈኛም አውጥተዋል። በኢንተርኔት አውርዶ መጫን ነበር።»

«አንተስ ታውቅ ነበር?»

«ሰምቼ ነበር። ኔትወርኩ ቀርፋፋ… ደግሞ እዚህ ምን ይመጣል ብዬ።»

ደሜ ፈላ። «ብረት ነው አላልከኝም?» አልኩት። «ቀዳዳ መኖሩ አይደለም ያናደደኝ! ጣራዬ ስንቴ አፍስሷል፤ ሲያፈስ ዕቃዬን አሸሻለሁ። አንተ ግን እያወቅህ አያፈስም አልከኝ፣ እኔም እህቴን እዚያ ስር አስቀመጥኳት!»

«ይቅርታ እማማ፣ አዲሱን እጭናለሁ። ታሪኩንም እርስዎ ይንገሩንና እንደገና እንቀዳለን።»

እንደገና! ራሴን በእህቴ ሳል ልማ?

ቦዬው በስሎ ሽታው ደጅ ወጥቷል። ልጄ ቀስ ብላ፣ «እማዬ፣ ይግባና ይቅመስ እንጂ» አለች።

«ተዪው» አልኳት።

በዕድሜዬ ቁጭ በል ሳልለው ከደጄ የተመለሰ ሰው እሱ ብቻ ነው። ዛሬም ቢመጣ አልለውም።