የመፍለህ አፍንጫ

መፍለህ ጎርፍ ይሸተዋል ይባላል። ወሬው ማክሰኞ ጠዋት ከዋዲ ሙሳ ካፌዎች ሲነሳ ልከኛ ነበር፦ አስጎብኚው መፍለህ ደመና እንኳ ሳይታይ ውሃ ሸተተውና አሥራ አራት እንግዶቹን ከሞት አስቀረ፣ በቃ። ረቡዕ ላይ ጎርፉን ያሸተተው ከሁለት ቀን በፊት ሆነ። ሐሙስ እንግዶቹ አርባ ደረሱ፤ ግማሾቹንም በጀርባው አዝሎ ገደል ወጣ። ዓርብ ከሶላት በኋላ በሰማሁት መሠረት ደግሞ ጎርፉ ራሱ መፍለህን ሲያይ አፍሮ ወደ ተራራው ተመልሷል።

እኔ ግን ያንን አፍንጫ አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሻይ ጠጥቷል። ትልቅነቱን አልክድም፤ አመሻሽ ላይ ጥላው ሁለት ወንበር ያለብሳል። ሥራውን ግን አላየሁም። አምና ክረምት ምድጃ ሥር ተቀምጦ የለበሰው ካባ ሲቃጠል የነገረችው ሚስቱ ናት፤ እሷም የሸተታት ጎረቤት ቤት ሆና ነው። ስለዚህ ጎርፉ የወረደበትን የሰኞን ነገር አብረውት ከነበሩት ሰዎች ለቃቅሜ አመጣሁት።

ሰኞ ዕለት ሰማዩ ታጥቦ የተደፋ ሳህን ይመስል ነበር። መፍለህ ከዴንማርክ የመጡ አሥራ አራት ጡረተኞችን ይዞ በሲቁ፣ በዚያ ግራና ቀኙ ሰማይ ጠቀስ ገደል በሆነ ጠባብ የአለት ስንጥቅ አልፎ ከአለት ወደተፈለፈለችው ጥንታዊት ከተማ ወረደ። ግምጃ ቤቱ ከሚባለው ትልቅ ሕንፃ ፊት ሲደርሱ እንደ ልማዱ ንጉሡ ይተኛበት የነበረውን መስኮት አሳያቸው። ለየቡድኑ የተለያየ መስኮት ነው የሚያሳየው።

ሰባት ሰዓት ላይ አክስቱ ራኽያ ጋ አሳረፋቸው። ራኽያ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከደረቁ ጅረት አሸዋ ሃያ ደረጃ ከፍ ብሎ ከአለቱ በተፈለፈለ ክፍል በር ላይ ዶቃ ትሸጣለች። ቡና ግን አትሸጥም። ቡና ለእንግዳ ነው። ለአሥራ አራቱም በየፍንጃሉ ቀዳች።

ያን ጊዜ የመፍለህ ስልክ ጮኸ። ከሲቁ ማዶ፣ መግቢያው በር ላይ የሚሠራው የአጎቱ ልጅ ሱወይሊም ነበር።

"አንተ፣ በምሥራቅ በኩል ተራራው ላይ ሰማዩ ከሰል መስሏል!"

"እየዘነበ ነው?"

"እዚህ ጠብታ የለም። እዚያ ግን..." መስመሩ ተቋረጠ።

መፍለህ በጣቱ ቆጠረ። እስከ ሲቁ አፍ ሩብ ሰዓት። ሲቁን ለመውጣት፣ በጡረተኛ እግር፣ ግማሽ ሰዓት። ውሃው እስኪደርስ ቢያንስ አንድ ሰዓት። ያልፋሉ። ከዘገዩና ውሃው ሲቁ መሀል ላይ ካገኛቸው ደግሞ የሚወጡበት ቀዳዳ የለም።

"ተነሱ! ጨርሱና ተነሱ! አሁኑኑ እንወጣለን!"

አሥራ ሦስቱ ቡናቸውን ጨልጠው ተነሱ። አሥራ አራተኛዋ ወይዘሮ ቢርጊት ግን ሐኪም ቡና የከለከላቸው የልብ ሕመምተኛ ናቸው። አልፈልግም ማለት አሳፍሯቸው ሙሉውን ፍንጃል ፊታቸው ምንጣፉ ላይ በቀስታ አስቀምጠውታል።

ራኽያ አየች። እኛ ዘንድ እንግዳ ሙሉ ፍንጃል ፊቱ ካስቀመጠ እምቢ ማለቱ አይደለም፤ ጉዳይ አለኝ ማለቱ ነው። ባለቤቱ ጉዳዩን ጠይቆ "ጠጣ፣ ተፈጽሞልሃል" ማለት አለበት። ፍንጃሉ ሙሉ እንደሆነ እንግዳው ከወጣ የዚያ ቤት ስም አለቀለት።

አሮጊቷ ዱላዋን ይዛ ደረጃው አፍ ላይ ተገተረች።

"ማንም እንዳይንቀሳቀስ! ይቺ ሴት ጉዳይ አላት።"

"አክስቴ፣ የዴንማርክ ሴት አንቺ ጋ ምን ጉዳይ ይኖራታል?"

"ለምን፣ ሰው አይደለችም? ጠይቃት!"

ጠየቃቸው። ወይዘሮ ቢርጊት ደነገጡ። "ኧረ ምንም አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ።"

"ምን አለች?"

"ምንም አልፈልግም አለች።"

"አፍራ ነው። ትልቅ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ልጇን ልትድር ይሆናል።"

"አክስቴ! ጎርፍ እየመጣ ነው!"

"ይምጣ፤ ለእሱም ቡና አለ።"

መፍለህ ላብ አጠመቀው። "እሺ፣ ዶቃ ነው የምትፈልገው" ብሎ ዋሸ። ራኽያ የራሷን የአንገት ዶቃ አውልቃ አጠለቀችላቸው። "ተፈጽሟል። አሁን ትጠጣ።" ወይዘሮዋ ደረታቸውን እያሳዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰባት ደቂቃ አለፈ። መፍለህ ፍንጃሉን አንስቶ ራሱ ሊጨልጠው ሲል ዱላው እጁ ላይ አረፈ።

"የእንግዳ ጉዳይ ትጠጣለህ እንዴ፣ አንተ ሆዳም!"

"ትገድይናለሽ!" ብሎ ጮኸ። "አክስቴ፣ በአላህ፣ ከመንገዱ ዞር በይ! እያንዳንዷ ደቂቃ ሰው ናት!"

"ግፋኝና እለፍ። ከዚያ እናትህ መቃብር ሄደህ አክስቴን ገፋሁ በላት።"

አልገፋትም። አሥራ አምስት ደቂቃ ሞላ። አንድ ቀጭን ሽማግሌ ፎቶ ላንሳ ብሎ በራኽያ ክንድ ሥር ሾልኮ ስድስት ደረጃ ወረደ። መፍለህ ሊጣራ አፉን ሲከፍት ከጅረቱ ማዶ ከፍታው ላይ የታሰሩት አህዮች በአንድ ጊዜ ጆሯቸውን ወደ ሲቁ አዞሩ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። የአለት ሆድ የሚያጉረመርም ይመስል ነበር። ስድስት ደረጃ የወረደው ሽማግሌ አሥር ደረጃ ወደ ላይ ዘለለ። ውሃው ከሲቁ አፍ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ የዛፍ ግንድ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የአንድ ሱቅ ሙሉ በር ይዞ በእግራቸው ሥር አለፈ። ሊሄዱበት የነበረው መንገድ ጠፋ። አንድ ሰዓት የተባለው ውሃ ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም።

መፍለህ እንግዶቹን ቆጠረ፤ አሥራ አራት። ደግሞ ቆጠረ። ሦስተኛ ቆጥሮ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

ወይዘሮ ቢርጊት የሆነ ነገር ለመያዝ እጃቸውን ሲዘረጉ ያገኙት ፍንጃሉን ነበር። ሐኪሙንም ልባቸውንም ረስተው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

"አያችሁ?" አለች ራኽያ ዱላዋን ግድግዳው ላይ እያስደገፈች። "ጉዳይዋ ተፈጸመላት።"

ቅዳሜ ዕለት ካፌው ጢም ብሎ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች የመፍለህን ፎቶ በፍሬም አሠርተው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉ መዶሻ ይዘው መጥተዋል፤ ፎቶው የተነሳው ከጎን ነው፣ አፍንጫው በደንብ እንዲታይ። አንዱ ሽማግሌ፣ "ጎርፍ ሲሸተው ምን ምን እንደሚል ለልጆቻችን ይንገርልን" አለ።

መፍለህ ከወንበሩ ተነሳ። በኃይል አነጠሰ፤ መዶሻውን ከሰውየው እጅ ቀማ።

"ምንም አልሸተተኝም። ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን ይዞኛል። ወደ ሲቁ እንሂድ ብዬ የጮህኩትም እኔው ነኝ።"