የገዢው ሰባት እስረኞች

እዚህ ሚኒሶታ፣ ሮቢንስዴል ውስጥ ሁለት ዓመት የተንከባከብኳቸው ሽማግሌ ከአርጀንቲና የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ምንም አያይም። ጠዋት ከምኖርበት ከቡርንስቪል መኪና ነድቼ እደርሳለሁ፤ አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ፣ ቁርስ አበላቸዋለሁ፤ ከዚያ ደብተር ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ደብተሩ ከሥራዬ ውስጥ አልነበረም። ልጃቸው የእጅ ጽሑፌን ስላመሰገነችላቸው ጻፊልኝ ብለው ለመኑኝ፤ እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አይሆንልኝም።

አባባ ነበር የምላቸው። በእንግሊዝኛ የሚያስጽፉኝ የቅድመ አያታቸውን ታሪክ ነው። ሰውዬው በአባባ አገር፣ ተራራ ሥር ያለ አንድ ደረቅ ክፍለ ሀገር በዚያ በድሮው ዘመን ሦስት ጊዜ ገዝቷል። በቅሎ ነጂ ሆኖ ጀመረ፤ በእርስ በርሱ ጦርነት መቶ አለቃ ሆነ፤ ከዚያ የገዢነቱን ወንበር ያዘ። ለከተማዋ የውሃ ቦይ አስቆፈረ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሁለት ጊዜ ገልብጠውት በበረዶ መሐል ተራራውን ተሻግሮ ሸሸ፤ ሁለት ጊዜም ተመለሰ። በመጨረሻ አልጋው ላይ ሞተ፤ ሐውልትም ቆመለት። እውነቱን ለመናገር ወድጄው ነበር። በቅሎ ሲጭን፣ ቦይ ሲያስቆፍር፣ የኛው የወሎ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አባባ ቁርስ አልበላም አሉ። «ይህን ሁሉ ያስጻፍኩሽ ለዛሬው ስል ነው» አሉኝ። ገዢው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ሰባት ተቃዋሚዎቹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሸሽገው ነበር። እንደማይነካቸው ቃል ሰጥቶ አስወጣቸው፤ በማግስቱ እዚያው ቦዩ ዳር አስረሸናቸው። ቤተሰቡ ቦዩን እንጂ ሰባቱን አያነሳም። አባባ ግን የሰባቱን ስም ያውቃሉ። በልጅነታቸው ያሳደገቻቸው ሠራተኛ በቃል አስጠንታቸዋለች፤ በየትኛውም ወረቀት ላይ የሉም። ከዚያ እያንዳንዱን ስም ፊደል በፊደል፣ ከነሥራውና ከነዘመዱ ነገሩኝ።

እኔ አልጻፍኩም። ድምፁ እንዲሰማቸው ብዕሬን እያንቀሳቀስኩ የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «በዚያ ዓመት ችግር ነበር።»

እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ሲነሳ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ተብሎ ክፉው ይታለፋል። የገዛ ቅድመ አያታቸውን እንዲህ አጋልጠው ኋላ ይጸጸታሉ፣ ልጆቻቸውም ያፍራሉ ብዬ ውለታ የዋልኩላቸው መሰለኝ። አዋቂ ነኝ ባይነት ድሮም አመሌ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። አባቴ ደሴ ውስጥ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር። ሲሞት በለቅሶው ላይ ደግነቱ ብቻ ተወራ። አንዲት የሰፈራችን ሴትዮ ሦስት ቀን ሙሉ እየመጣች ጥግ ላይ ተቀመጠች። በአባቴ ፊርማ ወንድሟ ከቤቱ ተወስዶ እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። ማንም አላነሳም። በሦስተኛው ቀን ሻርፗን አስተካክላ ወጣች።

አባባ የካቲት ላይ አረፉ። ከቀብሩ በኋላ ቤተሰቡ ፕሊማውዝ ልጃቸው ቤት ተሰበሰበና ደብተሩን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። በበቅሎዎቹ ታሪክ ሳቁ፤ በቦዩ ኮሩ። «በዚያ ዓመት ችግር ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ልጃቸው ቀና አለች።

«አባዬ ሊሞት ሲል ‹ስሞቹን ጮክ ብላችሁ አንብቡ› ብሎን ነበር» አለች። «የቱ ጋ ናቸው?»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ሰባት እንደነበሩ፣ ቃል እንደተሰጣቸው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች እንደነበሩ፣ ሌላው ደግሞ ኮርቻ ሰፊ እንደነበረ ተናገርኩ። ስም ግን አንድ እንኳ ትዝ አላለኝም። «አልጻፍኳቸውም» አልኩ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ልጃቸው ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ገጹን ቆይታ አየችውና ዘጋችው። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደችው ልጄ አያቷ ምን ይሠራ እንደነበር ስትጠይቀኝ «ሰው ያገለግል ነበር» ብቻ ነበር የምላት። የአባባ ደብተር በተነበበ ማግስት ለእሷ ብዬ አዲስ ደብተር ገዛሁና የአባቴን ታሪክ ጥግ ላይ ከተቀመጠችው ሴትዮ ጀመርኩ። የወንድሟ ስም ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ደሴ ላለችው እህቴ ደወልኩ።

«እሷማ ከሞተች ቆየች እኮ» አለችኝ።

«የወንድሟን ስም ታውቂዋለሽ?»

«ሁላችንም ‹የሴትዮዋ ወንድም› ነበር የምንለው» አለች።