ከኋላ ለሚመጣ ሾፌር

ሾፌሮቹ ኡስታድ፣ መምህር፣ የሚሉት ዛርጉል በፔሻዋር ዳርቻ የጭነት መኪና የኋላ ስፖንዳ ላይ ሲጽፍ አረጀ። ሚስቱ «ከእኔ ይልቅ ለመኪና ብዙ ታወራለህ» ትለዋለች። ውሸቷን ነው፤ ለመኪናም ብዙ አያወራም።

«የደብዳቤ ርዝመቱ የልብህ እስኪደርስ ነው» ይላል። «የመቃብር ድንጋይ ላይ ስም ይበቃል። ስፖንዳ ላይ ግን የኋላው ሾፌር አንብቦ ዓይኑን ወደ መንገዱ እስኪመልስ ነው። ከዚያ የረዘመ ሰው ይገድላል።»

አንድ ጠዋት ሚርባዝ የሚባል ሾፌር መኪናውን ደጁ አቆመ። የአባቱ ቀብር ቀን ብርቱካን ጭኖ መንገድ ላይ ነበር፤ ለቀብሩ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ታላቅ ወንድሙ ዳውራን ስልኩን አያነሳም፣ ሽማግሌም አይቀበልም። ግን እሱም ሾፌር ነው፤ የሚመላለሱት በአንድ መንገድ ነው።

«ከኋላዬ ሲመጣ ዓይኑን የት ያደርሰዋል?» አለ ሚርባዝ። ከዚያ የሚጻፈውን ይናገር ጀመር። ከልጅነታቸው ተነስቶ ብርቱካኑ ጋ ሳይደርስ ዛርጉል ብሩሹን አነሳበት።

«ቆይ፣ ቆይ! ወንድምህን ልትታረቀው ነው ልትገለብጠው?»

«ምኑን ልቀንስ ኡስታድ? ሁሉም እውነት ነው።»

«እውነት ስለሆነ አያጥርም። ምን ብለህ ነበር የምትጠራው?»

«ላላ። ታላቄ አይደል? በር ላይ ስንደርስ ‹ላላ፣ አንተ ቅደም› እለው ነበር። እሱ ሳይገባ ገብቼ አላውቅም።»

የሌሎቹ መኪኖች ስፖንዳ «ወንድ ከሆንክ ቅደም» ይላል። ዛርጉል በቢጫ ቀለም «ላላ፣ አንተ ቅደም» ብሎ ጻፈ፤ ሌላ አልጨመረም።

ሚርባዝ ከመንገድ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ከኋላዬ መጣ። መንገዱ ነፃ ነበር፤ ፍሬቻ አበራሁለት። አልቀደመም። እስከ ሻይ ቤቱ ተከተለኝ፤ እኔ ስቆም ዝም ብሎኝ አለፈ። አጠረ ኡስታድ! ሁሉንም ብንጽፈው ኖሮ...»

ዛርጉል ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሽበታም ሾፌር ከጋቢናው ወረደ። ቆሞ የቀለም ጣሳዎቹን ሲያይ ቆየ።

«የሚርባዝን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለእኔም ይጻፉልኝ። ከመኪናዬ ፊት ላይ።»

«ምን ልበል?»

ዳውራን እጁን በጢሙ ላይ አሳለፈ።

«‹ከኋላህ ነኝ› ያንሳል?»

«አያንስም።»

ዛርጉል ጀመረ። ሁለት ፊደል ጽፎ ቆመና በጨርቅ ጠረጋቸው። የፊተኛው ሾፌር የሚያየው በስፖኪዮ መስታወት ነው። እያንዳንዱን ፊደል ግራ ቀኙን ገልብጦ እንደገና ጻፈው።

የሰፈሩ ሾፌሮች ተሰብስበው ሳቁ። «ኡስታድ ጃጀ! ፊደል ጠፋው! ይሄን ማን ሊያነበው ነው?»

«አንድ ሰው» አለ ዛርጉል፣ ብሩሹን እያጠበ።