ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴን ልጅ መቅደስን አዳንኳት የሚለው ወሬ ስህተት ነው። ልገድላት ነበር።

መቅደስ ሯጭ ናት። እዚህ ቱሉ ዲምቱ አስፋልቱ ላይ ልምምዷን ጨርሳ የኮንዶሚኒየም ብሎካችን ደረጃ ላይ እንደተቀመጠች ትንፋሽ አጠራት። ራሷን የምትስት መስሎኝ "ክብሪት አምጡ!" አልኩና፣ እንደ ልማዳችን ጭሬ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። ከንፈሯ ጠቆረ።

ባጃጅ አስቁሜ ሐኪም ቤት ያደረስኳት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው የሚያወራው ግን ስለ ባጃጁ ብቻ ነው።

ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፦ "አስም አለባት። ስትሮጥ አየሩ የመተንፈሻ ቧንቧዋን ያደርቀዋል። ያኔ የሰውነቷ ዘብ የሆኑት ሕዋሳት ጠላት የመጣ መስሏቸው ኬሚካል ይረጫሉ፤ ቧንቧው ያብጥና ይጠባል። ጭሱን ማን ጨመረባት፣ እማማ?"

"እኔ።"

ዕድሜዬን ሙሉ ጤና አጠባበቅ አስተምሬያለሁ። ለካ ከክፍሉ የቀረሁት ተማሪ እኔ ነበርኩ።

ለእናቷ ሐኪም ቤት እንደደረሰች እዚያው ነገርኳት። ፊቷን አዙራ ወደ ልጇ ገባች። መቅደስ እስካሁን በኦክስጅን ነው የምትተነፍሰው።

ከእናንተስ መሃል በታመመ ሰው አፍንጫ ሥር ክብሪት የጫረ አለ? ምን ሆነ? ሳታሳምሩ ጻፉልኝ።

ነገ ከሁሉ በፊት አጥሚት ይዤ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። እናቷ ካስገባችኝ እኔ አልጋው አጠገብ እተካትና እሷ ትንሽ ትተኛለች። ካላስገባችኝ አጥሚቱን ለነርሷ ሰጥቼ በሩ ላይ እቆማለሁ።